ዜማና የዜማ ማደሪያ

በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቁት ሰፈሮች፣ በየቁም ሣጥኑ ሥር በካርቶን የታጨቁ ካሴቶች ዛሬም አይጠፉም። ማጫወቻው ግን ወይ የለም፣ ወይ ጎማው ላልቶ ድምፅ ይጎትታል። በክረምቱ እርጥበት ክሩ ሻግቶ እርስ በርሱ የተጣበቀም አለ። ዘፈኑ አልሞተም፤ ዘፋኙም ምናልባት በሕይወት አለ። የጠፋው በመካከል የነበረው መሣሪያ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አዝማሪው በየጠጅ ቤቱ ሲጫወት የዜማው ማደሪያ የራሱ ጉሮሮና የአድማጩ ጆሮ ነበር። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተልከው ሳለ ድምፃቸውን በሸክላ ባስቀረጹ ጊዜ ግን ዜማው ከሰው ወጥቶ በዕቃ ማደር ጀመረ። ዕቃውም በእጅ የሚጠመዘዝ ግራሞፎን ይሻል። ግራሞፎኑ ከየቤቱ ሲወጣ ሸክላው ዲዳ ሆነ። እነዚያ ቅጂዎች በሰፊው ለአድማጭ የደረሱት ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጁት «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ እትም በሲዲ ሲወጡ ነው።

አቶ አምሃ እሸቴም በ1969 የሀገር ፍቅር ቲያትር በሕግ ይዞት የነበረውን ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት ተጋፍተው ሥራ ጀመሩ፤ በ1975 አገር ለቀው እስኪወጡ ድረስም 103 ትናንሽና ወደ 12 የሚጠጉ ትላልቅ ሸክላዎች አሳተሙ። ከዚያ ካሴት መጣ። ካሴት ርካሽ ነው፤ በየሱቁ ይባዛል፤ በአውቶቡስ ተጭኖ እስከ ገጠር ይዘልቃል። ለክፍለ ሀገሩ አድማጭ ከሸክላው ይልቅ የቀረበው እርሱ ነበር። ዳሩ ግን እርሱም በሲዲ ተተካ፣ ሲዲውም በተራው በእጅ ስልክ።

ከዚሁ ሐይቅ ላይ ግን ሌላ ዓይነት አያያዝ ይታያል። ቅዱስ ያሬድ በጣና ቂርቆስ እንደ ተቀመጠ ትውፊት ይናገራል። በ16ኛው መቶ ዓመት በተካሄደው ጦርነት ብዙ መጻሕፍት ከተቃጠሉ በኋላ፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንዳደራጁት ሊቃውንቱ ያወሳሉ። ከግእዙ ቃል በላይ የሚጻፉት እነዚያ ደቃቅ ፊደላት ቁጥራቸው ከ500 በላይ ነው። ነገር ግን ምልክቱ ብቻውን ድምፅ አይሰጥም። እያንዳንዱ በዜማው ከታወቀ ከአንድ ቃል የተቆረጠ ምሕጻር ነውና፣ ያንን ቃል ከመሪጌታ አፍ ያልተማረ ሰው ብራናውን ቢገልጥ ፊደል ያያል እንጂ ዜማ አይሰማም። ስለዚህ የዜማው እውነተኛ ማጫወቻ ተማሪው ነው። ድካሙ ከባድ ነው፤ ዓመታት ይፈጃል፤ መምህሩ ተተኪ ሳያፈራ ካለፈም ብራናው እንደ ካሴቱ ዝም ይላል።

ጀርመናዊው ሊቅ ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1968 የጣና ደሴቶችን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አነሡ። በ1973 ደግሞ የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ በሰፊው ተጀመረ። ታላቅ ውለታ ነው። ይሁን እንጂ የማይክሮፊልም ማንበቢያ መሣሪያ ራሱ በተራው ብርቅ ሆነና ፊልሙን እንደገና ወደ ኮምፒዩተር ማዛወር አስፈለገ። የሚገርመው ብራናው ይህን ሁሉ ጊዜ ያለ ምንም መሣሪያ ይነበብ ነበር።

በሠለጠነው ዓለምም ቢሆን ዕጣው ያው ነው። ስሊም ዲቫይስስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሙዚቃን ከኮምፒዩተር ወደየክፍሉ የሚያደርስ «ስኩዊዝቦክስ» የተሰኘ ማጫወቻ ሠራ። ሎጂቴክ በ2006 ኩባንያውን ገዛ፤ በ2012 ምርቱን ተወ፤ በ2024 በኢንተርኔት ይሰጥ የነበረውን አገልግሎት ዘጋ። ሣጥኑ ግን በየቤቱ መዝፈኑን አላቆመም። የዋናው ፕሮግራም ጽሑፍ ለማንም ክፍት ነበርና ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ተረክበው «ሊርየን» በሚል ስም ቀጠሉበት። ማጫወቻውን በእጅ ስልክ የሚያዙበት ፕሮግራም ደግሞ የበለጠ ያደክማል፤ ስልኩ ሥርዓቱን ሲለውጥ ፕሮግራሙም መታደስ ሊያስፈልገው ይችላል፤ የሚያድሰው ሰው ከተወው ሣጥኑ ጤነኛ ቢሆንም ፕሮግራሙ ከጊዜ በኋላ መሥራቱን ሊያቆም ይችላል። ያቆየው እንግዲህ የኩባንያው ቸርነት አይደለም፤ ዕውቀቱ ከአንድ እጅ መውጣቱ ነው። የጣና ደባትር ይህን ቢሰሙ ብዙም አይደነቁም ነበር።

በባሕር ዳር ካርቶኖች ውስጥ የቀረው ግን ጠባቂ ማኅበርም መሪጌታም የለውም። በሱቅ ከተሸጠው ካሴት ሌላ ቅጂ ከአንድ ቦታ ይገኝ ይሆናል። በሠርግና በማኅበር ላይ በቤት ቴፕ የተቀዳው የአዝማሪ ድምፅ፣ የእናቶች እንጉርጉሮ፣ የታንኳ ቀዛፊው ዜማ ግን ያለው አንድ ክር ብቻ ነው። የስልሳ ደቂቃ ካሴት ወደ ኮምፒዩተር ለማዛወር ስልሳ ደቂቃ ይፈጃል፤ አንድ ጎማው ያልላላ ቴፕና ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ፣ ዘፋኙ ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ አንድ ሰውም ይጠይቃል።