የኩላሊት ካንሰር ፕሮቲን ጠቋሚዎች

የኩላሊት ካንሰር ፕሮቲን ጠቋሚዎች በደም፣ በሽንት ወይም በዕጢው ናሙና ላይ የሚለኩ ፕሮቲኖች ናቸው። ዓላማቸው ዕጢው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ይመለስ ወይም ወደ ሌላ አካል ይሠራጭ እንደሆነ አስቀድሞ መገመት ነው።

በአዋቂዎች ላይ ከሚታየው የኩላሊት ካንሰር ከአራቱ ሦስት እጅ ገደማ «ጥርት ያለ ሕዋስ» የሚባለው ዓይነት ነው። በአብዛኛው በዚህ ዕጢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1993 የታወቀው የቪኤችኤል ጂን ተበላሽቶ ይገኛል። ጂኑ ጤነኛ ሲሆን ሕዋሱ በቂ ኦክስጅን እያገኘ ኤችአይኤፍ የተባለው ፕሮቲን እንዲወገድ ያደርጋል። ሲበላሽ ግን ኤችአይኤፍ ይከማቻል፤ ሕዋሱም ኦክስጅን ያጠረው ይመስል የደም ሥር የሚያበቅለውን ቪኢጂኤፍንና ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ 9ን ያመርታል። ሕዋስ ኦክስጅንን የሚያውቅበትን መንገድ የደረሱበት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሴሜንዛ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ 9 መጀመሪያ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት የፕሮቲኑ ማነስ ከአጭር ዕድሜ ጋር እንደሚያያዝ ቢያሳይም፣ ከአራት ዓመት በኋላ የመጣ ሰፋ ያለ ጥናት ራሱን ችሎ እንደማይተነብይ አመለከተ። ባፕ1 የተባለው ፕሮቲን የተሻለ ዕድል አለው። በፓቶሎጂ ክፍል በስሱ የተቆረጠው የዕጢው ሥጋ ባፕ1ን በሚያሳይ ቀለም ሲቀለም የደም ሥሮቹ ሕዋሳት እምብርት (ኒውክሊየስ) ቡናማ ይሆናል፤ የዕጢው ሕዋሳት እምብርት ሳይቀለም ከቀረ ፕሮቲኑ ጠፍቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ዕጢ ብዙውን ጊዜ ኃይለኛ ነው። ቀለሙ የሚታመነው ግን ናሙናው ሳይዘገይ ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ብቻ ነው።

ከደም ጠቋሚዎች ብዙ የሚነገርለት ኪም-1 የተባለው ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአውሮፓ ጥናት ካንሰሩ ከመታወቁ እስከ አምስት ዓመት በፊት ከፍ ብሎ ሊገኝ እንደሚችል አሳይቷል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከፍ ብሎ መገኘቱም የበሽታው የመመለስ ምልክት ሊሆን ይችላል። ችግሩ ኪም-1 በሌላ የኩላሊት ጉዳት ጊዜም ሊጨምር መቻሉ ነው፤ ከባድ ተቅማጥ ወይም ወባ ኩላሊቱን የጎዳው ሰው ቁጥሩ ሊያሳስት ይችላል።

ይህ ነጥብ ለሐድያና ለከምባታ ከተሞች ቀላል አይደለም። የሐድያ ዋና ከተማ ሆሳዕና ደጋ ብትሆንም ሕሙማን የሚመጡት ወባ ካለበት ከባደዋቾ ቆላ ጭምር ነው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የካንሰር ሕክምና ለረጅም ዘመን የተሰበሰበውም እዚያው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። በሆሳዕና የሚገኘው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ የሐድያ ተወላጅ በነበረችው የ15ኛው ክፍለ ዘመን ንግሥት እሌኒ ስም የተሰየመው፣ ከከምባታዋ ዱራሜና ከአካባቢው ወረዳዎች የሚላኩ ሕሙማንን ይቀበላል።

በእንዲህ ያለ ቦታ የሚያዋጡት ጠቋሚዎች ርካሾቹ ናቸው። ሄሞግሎቢን ራሱ ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ዓለም አቀፍ መመዘኛ በተሠራጨ የኩላሊት ካንሰር የሄሞግሎቢን ማነስን፣ የካልሲየም፣ የኒውትሮፊልና የፕላትሌት መብዛትን፣ የሕመምተኛውን አቅምና ምርመራው ከተደረገ ሕክምና እስኪጀመር ያለፈውን ጊዜ ይቆጥራል። ከስድስቱ ሦስትና ከዚያ በላይ የተገኘበት ሰው ከባድ ስጋት ካለበት ወገን ይመደባል። ቀደም ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው መመዘኛ ኤልዲኤች የተባለውን ኢንዛይም ጨምሮ ነበር፤ እሱም በወባ ጊዜ ቀይ የደም ሕዋስ ሲፈርስ ስለሚጨምር መጀመሪያ የወባ ምርመራ ያስፈልጋል።

የአውሮፓ የዩሮሎጂ ማኅበር መመሪያ እስካሁን ከካርቦኒክ አንሃይድሬዝ 9፣ ከባፕ1 እና ከኪም-1 አንዱንም ለዕለት ተዕለት ሕክምና አልመከረም።