የዘማች ማስታወሻ ፎቶግራፍ ዘመኑ እንዴት ይለያል?

በአሰላ ከተማም ሆነ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ባሉት የአርሲ ደጋ መንደሮች፣ በአሮጌ ቤት ግድግዳ ላይ በመስተዋት የተከፈፈ የዘማች ፎቶግራፍ ቢገኝ፣ ቤተሰቡ «አርበኛው አያታችን ናቸው» ይል ይሆናል። ዳሩ ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የፋሽስት ወረራ፣ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የኮርያ ዘመቻ፣ ከ1952 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ የኮንጎ ዘመቻ ተከታትለዋል። ዘመኑ የተሳሳተ ፎቶግራፍ የአንዱን ተጋድሎ ለሌላው ይሰጣል።

ልብስ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አርበኞች ከድል በኋላም በሚያዝያ 27 በዓል የአንበሳ ጎፈር ደፍተው ጋሻ ይዘው ይሰለፉ ነበርና፣ እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ ሁሉ በጫካ ዘመን የተነሣ አይደለም።

ፎቶግራፉ በሐር ጥልፍ መካከል የገባ ከሆነ መንገዱ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ያመራል። ዘንዶና ሰንደቅ ዓላማዎች የተጠለፉበት፣ መካከሉ ለፎቶግራፍ የተተወ ሐር በጃፓንና በኮርያ ለወታደሮች ይሸጥ ነበር። በጥልፉ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ካለበት፣ ይህ ሰንደቅ የጸደቀው በጥቅምት 1940 ዓ.ም. ስለሆነ ሥራው ከዚያ አይቀድምም። በዘማቹ ትከሻ ላይ የአሸዋ ሰዓት የሚመስል ምልክት ቢታይ፣ የቃኘው ሻለቃዎች በሥሩ የተዋጉለት የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ምልክት ነው። ሰማያዊና ነጭ ሰረዞች የተፈራረቁበት የሜዳልያ ጥብጣብም የኮርያን ዘመቻ ያመለክታል፤ ሜዳልያው በአማርኛ ጽሑፍም ተሠርቷል።

ሆኖም ማስታወሻው ሁለት ልደት እንዳለው አይዘነጋ። ሐሩ በ1944 ዓ.ም. ተገዝቶ፣ ፎቶግራፉ ግን ዘማቹ ከተመለሰ ከዓመታት በኋላ ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ የጥልፉ፣ የፎቶግራፉና የክፈፉ ዘመን ለየብቻ ይመርመር።

ይህ ጥንቃቄ ከንቱ ልፋት አይደለም። የቃኘው ሻለቃዎች በዋነኛነት ከክቡር ዘበኛ የተውጣጡ ሲሆኑ፣ በኮርያ ከ120 በላይ ወታደሮቻቸውን አጥተው አንድም ምርኮኛ ሳያስቀሩ ተመልሰዋል። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የነበረው መንግሥት ከሰሜን ኮርያ ጋር ሲወዳጅ ግን ታሪካቸው በአደባባይ ብዙም አልተነሣም። ለብዙዎቹ የቀረው መዝገብ የቤታቸው ግድግዳ ነበር።

እንግዲህ መምህራንና የባህል ሠራተኞች እንዲህ ያለውን ማስታወሻ ሲያገኙ፣ አሮጌውን ክፈፍ በአዲስ ከመለወጣቸው በፊት ጀርባውን ያንብቡ፤ ሐሩን አይጣሉ፤ የዘማቹንም ስም የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቀው ይጻፉ። ሐርና ወረቀት ሊጠገኑ ይችላሉ፤ የጠፋ ስም ግን አይጠገንም።