ቀዶ ሐኪሙ ቢላዋቸውን ያስቀመጡበት በሽታ

ካምፓላ ላለን ሰዎች ሙላጎ ማለት የታመመ ሰው የምናደርስበት ሆስፒታል ነው። ትልቅ ታሪክም አለው።

እ.ኤ.አ. በ1957 ዶክተር ዴኒስ በርኪት የሚባሉ አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም እዚያ አንድ ሕፃን እንዲያዩ ተጠሩ። የልጁ መንጋጋ ላይም ታችም፣ ግራም ቀኝም አብጦ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ጂንጃ ሆስፒታል ፊቱ እንደዚያው ያበጠ ሌላ ልጅ አዩ። ነገሩን ዝም ብለው አላለፉትም፤ መዝገብ አገላብጠው ብዙ ተመሳሳይ ሕፃናት አገኙ። በ1958 ጽሑፋቸውን አሳተሙ። በ1961 ደግሞ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በአሮጌ መኪና 16 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል እየዞሩ በየሆስፒታሉ ጠየቁ። በሽታው ሙቀትና ዝናብ ባለበት ቆላ እንደሚበዛ ተረዱ።

ቀዶ ሕክምናው ግን አላዋጣም። መንጋጋው ቢቆረጥም እብጠቱ ይመለሳል፣ የልጁም ፊት ይበላሻል። በ1960ዎቹ መድኃኒት ሲሞከር እብጠቱ ሟሸሸ፤ የዳኑም ነበሩ። የኡጋንዳ የካንሰር ተቋም በ1967 ሙላጎ ላይ የተመሠረተው ይህንኑ ሕክምና ይዞ ነው።

የእግር አጥንት ካንሰርም ዱሮ መፍትሔው እግር መቁረጥ ነበር። ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን በመድኃኒት እየታገዙ፣ የታመመውን አጥንት ብቻ አውጥተው በሌላ አጥንት ወይም በብረት በመተካት የብዙዎችን እግር ማትረፍ ተችሏል።

ውድ መምህራን፣ ክፍላችን ውስጥ መንጋጋው ያበጠ ወይም ጥርሱ ያለጊዜው የሚነቃነቅ ልጅ ካየን «የጥርስ ሕመም ነው» ብለን አንለፈው። ይህ እብጠት በጥቂት ቀናት እጥፍ ሊሆን ይችላልና ቶሎ ሐኪም ይየው።