ፍቺው በአንድ ሳምንት፣ ሰነዱ ለ63 ዓመት

ዛሬ ከሰሞኑ ወሬ ትንሽ ዞር ብለን ወደ 16ኛው ክፍለ ዘመን ስኮትላንድ እንሂድ። ዞር እንበል አልኩ እንጂ የምንሄድበትም ቦታ ፖለቲካ ነው። ልዩነቱ እዚያ ዋናው ፖለቲካ የሚሠራው በጋብቻ መሆኑ ነው። (ከታች የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሰውየው ጄምስ ሄፕበርን ይባላል። ታሪክ ግን የሚያውቀው በማዕረጉ ነው፤ አራተኛው የቦዝዌል ኧርል። ኧርል ማለት ሰፊ ርስት፣ ግንብና የራሱ ተከታይ ጦር ያለው ትልቅ ባላባት ነው። የቦዝዌል ስም ሲነሳ ሁሉም የሚያስታውሰው የስኮትላንዷን ንግሥት ሜሪን ማግባቱን ነው። ባሏ በተገደለ በሦስት ወሩ አገባት። ስለ እሱ የሚወራው ሁሉ እዚህ ላይ ያተኩራል።

እኔ ግን ዛሬ ላወራችሁ የምፈልገው ከንግሥቲቱ በፊት ሚስቱ ስለነበረችው ሴት ነው። የዚህ ሰው የትዳር ታሪክ ቁልፍ በእሷ እጅ ነበርና።

ነገሩ ከአባቱ ይጀምራል

የቦዝዌል አባት ፓትሪክ ሄፕበርን መልከ መልካም፣ ብዙ የሚመኝ ሰው ነበር። ንጉሥ ጄምስ 5ኛ በ1542 ሲሞት ፈረንሳዊቷ ንግሥት ማሪ ደ ጊዝ የአንድ ሳምንት ሕፃን ታቅፋ ባልቴት ሆነች። ሕፃኗ የኋላዋ ንግሥት ሜሪ ናት። ፓትሪክ የልጆቹን እናት አግነስ ሲንክሌርን ፈትቶ የባልቴቷን ንግሥት ደጅ መጥናት ጀመረ። ተፎካካሪም ነበረው፤ የሌኖክስ ኧርል። ሁለቱ ባላባቶች በአለባበስና በጨዋታ እየተሽቀዳደሙ ሴትየዋን ለማማለል ሞከሩ። ሁለቱም አልቀናቸውም።

ታሪክ ግን አንዳንዴ ቀልድ ይወዳል። የሌኖክስ ልጅ ዳርንሊና የፓትሪክ ልጅ ቦዝዌል በኋላ የዚያችን ባልቴት ልጅ ተራ በተራ አገቡ። አባቶች ያጡትን ልጆች አገኙት። ሁለቱም ግን በዚሁ ጋብቻ ጠፉ።

ወላጆቹ ሲለያዩ ቦዝዌል ገና ልጅ ነበር። ያደገው በአብዛኛው በአባቱ አጎት፣ በመሪ ጳጳስ ቤት ነው። ጳጳሱ በካቶሊክ ሥርዓት ማግባት የማይፈቀድለት ሰው ቢሆንም ከተለያዩ ሴቶች ብዙ ልጆች ወልዶ ነበር። እንግዲህ ልጁ ስለ ትዳር የተማረው ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ነው፤ አንዱ ሚስቱን ለሥልጣን ሲል የፈታ፣ ሌላው ሳያገባ የወለደ።

የመጀመሪያዋ ሴት

በ1560 ቦዝዌል ለመልእክት ወደ ዴንማርክ ሄደ። ኮፐንሃገን ውስጥ አና ትሮንድሰን የምትባል የኖርዌጂያዊ አድሚራል ልጅ አገኘ። አና አገባሻለሁ ብሎኛል ትላለች፤ ቤተሰቦቿም የሚያውቁት ይህንኑ ነው። አብራው እስከ ፍላንደርስ ሄደች። እዚያ ሲደርሱ እሱ ወደ ፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ጉዳይ አለኝ ብሎ ትቷት ሄደ። ኋላ እሷ ራሷ ስኮትላንድ ድረስ መጣች። የቃል ኪዳኑ ቀን ግን አልመጣም፤ በ1563 የይለፍ ወረቀት አግኝታ ወደ አገሯ ተመለሰች።

ይህችን ሴት አትርሷት። ቦዝዌል ረስቷታል፤ እሷ ግን አልረሳችውም።

ጂን ጎርደን

አሁን ወደ ዋናዋ ሰው መጣን። ጂን ጎርደን የሃንትሊ ኧርል ልጅ ናት። ጎርደኖች የሰሜን ስኮትላንድ ገዢ ማለት ይቻላል። በ1562 ግን አባቷ ከንግሥቲቱ ጋር ተጣልቶ ጦር ተማዘዘ፣ ተሸነፈ፣ በተያዘበት ቅጽበት ከፈረሱ ወድቆ ሞተ። ወንድሟ አንገቱን ተቀላ። ሞት ግን ከፍርድ አላዳነም። የአባቷ ሬሳ በመድኃኒት እንዳይፈርስ ተደርጎ ወደ ኤድንበርግ ተወሰደ፤ በ1563 ፓርላማው ሬሳውን ፊቱ አቁሞ በአገር ክህደት ፈረደበት፤ ርስቱም ተወረሰ።

ጂን ያን ጊዜ ዕድሜዋ 17 ገደማ ነው። ሕግ በኃያላን እጅ ምን ሊሆን እንደሚችል በአባቷ ሬሳ ላይ አይታ ያደገች ልጅ ነች ማለት ነው።

በ1565 የፖለቲካው አየር ተለወጠ። ንግሥት ሜሪ ዳርንሊን ስታገባ በሌሎች ባላባቶች አመፅ ተነሳባት፤ ስለዚህ የድሮ ጠላቶቿን ጎርደኖችን ወደ ራሷ መለሰች። ቦዝዌልም ከስደት ተጠርቶ መጣ። ሁለቱን ታማኝ ቤቶች ለማሰር ደግሞ ከጋብቻ የተሻለ ገመድ አልነበረም። ቦዝዌል ዕዳ ውስጥ ነበር፤ ጂን ጥሎሽ ነበራት። የጂን ልብ አሌክሳንደር ኦጊልቪ ከሚባል ወጣት ጋር እንደነበር ይነገራል፤ ግን ማን ጠየቃት? የካቲት 24 ቀን 1566 ኤድንበርግ ውስጥ ተጋቡ። የሙሽራዋን የብር ግምጃ የሰጠችው ንግሥቲቱ ራሷ ናት። ኦጊልቪ ደግሞ በዚያው ዓመት የንግሥቲቱን ደንገጡር ሜሪ ቢተንን አገባ።

እዚህ ላይ ሁለት ወረቀቶችን ልብ በሉ።

አንደኛው የጋብቻ ውሉ ነው። በጥሎሿ ምትክ የክራይተን ርስት ገቢ በሕይወት እስካለች ድረስ የጂን እንዲሆን ተዋዋሉ።

ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያን ፈቃድ ነው። እኛ አገር ዝምድና እስከ ሰባት ቤት እንደሚቆጠረው፣ በዚያ ዘመን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እስከ አራት ቤት ትቆጥር ነበር። ቦዝዌልና ጂን በአራተኛው ቤት ይገናኛሉ። ቦዝዌል ፕሮቴስታንት ስለነበር ግድ አልሰጠውም፤ ጂን ግን ካቶሊክ ናት። ስለዚህ ሊቀ ጳጳስ ጆን ሃሚልተን ዝምድናው እንዳያግዳቸው ልዩ ፈቃድ ጽፎ ሰጠ። ወረቀቱን ጂን ያዘችው።

ሁለት ፍርድ ቤት፣ አንድ ሳምንት

ከሠርጉ በኋላ ያለው አንድ ዓመት የደም ዓመት ነው። በመጋቢት 1566 የንግሥቲቱ ጸሐፊ ሪዚዮ ነፍሰ ጡሯ ንግሥት ፊት ተወጋ፤ ከገዳዮቹ ጋር ባሏ ዳርንሊ ነበረበት። ቦዝዌልና የጂን ወንድም በዚያ ሌሊት በመስኮት ዘልለው አመለጡ፤ ከዚያ በኋላ ንግሥቲቱ በቦዝዌል ላይ ያላት እምነት ጨመረ። በየካቲት 1567 ዳርንሊ ያደረበት ቤት በባሩድ ፈረሰ፤ እሱ አትክልት ቦታው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ከተማው ሁሉ ጣቱን ወደ ቦዝዌል ቀሰረ። በሚያዝያ 12 ቀን ችሎት ቀረበ፤ ከተማው በሱ ሰዎች ተሞልቶ ስለነበር ከሳሹ፣ የሟች አባት ሌኖክስ፣ ሳይመጣ ቀረ። ቦዝዌል በነፃ ተሰናበተ።

በ12ኛው ቀን ንግሥቲቱን መንገድ ላይ ይዞ ወደ ደንባር ግንብ ወሰዳት። ተገዳ ነው ወይስ ተስማምታ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ የታሪክ ሰዎችን ያጣላል። የማያጣላው ነገር ቢኖር ቦዝዌል ሊያገባት መወሰኑ ነው። አንድ እንቅፋት ብቻ ቀረ። ሚስት አለችው።

እንቅፋቱ የተነሳበትን ፍጥነት ተመልከቱ።

ግንቦት 3 ቀን 1567 የፕሮቴስታንቱ ፍርድ ቤት ፍቺ ፈረደ። ከሳሿ ጂን ናት፤ ምክንያቱ ባሏ ቤሲ ክሮፎርድ ከምትባል አገልጋይ ጋር መማገጡ ነው። ይህ ፍቺ ለቦዝዌል በቂ ነው፤ ለካቶሊኳ ንግሥት ግን አይበቃም። በካቶሊክ ሕግ የተፈታ ሰው ያው ባለትዳር ነውና። ስለዚህ ሁለተኛ ፍርድ አስፈለገ። ግንቦት 7 ቀን የሊቀ ጳጳሱ ፍርድ ቤት “ሁለቱ በአራተኛ ቤት ዘመድ ናቸው፣ ፈቃድም አላገኙም፣ ስለዚህ ጋብቻው ከመጀመሪያውም አልነበረም” ሲል ወሰነ።

የየትኛው ሊቀ ጳጳስ? የጆን ሃሚልተን። ከአንድ ዓመት በፊት ፈቃዱን ጽፎ የሰጠው ያው ሰው።

ወረቀቱ ደግሞ ጂን ቤት ሳጥን ውስጥ ነበር። ይዛ ብትቀርብ ፍርዱ ይፈርሳል። አልቀረበችም። ለምን? አባቷን ከሞተ በኋላ የከሰሰ መንግሥት ነው ፊቷ ያለው። ወንድሟም በዚያው ሰሞን የቤተሰቡን ርስት በፓርላማ ስላስመለሰ በፍቺው ተስማምቷል። ጂን ዝም አለች፤ የክራይተን መሬት ግን ከእጇ አልወጣም። ወረቀቱንም አልቀደደችውም።

ግንቦት 15 ቀን ቦዝዌል ንግሥቲቱን በፕሮቴስታንት ሥርዓት አገባ። የኤድንበርጉ ሰባኪ ጆን ክሬግ የጋብቻውን ማስታወቂያ እንዲያነብ ሲታዘዝ አነበበ፤ ነገር ግን ምእመናኑ ፊት ይህን ጋብቻ እንደሚጸየፈው ተናገረ። ሕዝቡ ያሰበውን ነው የተናገረው። ማኅተም ያለው ፍርድ ቢኖርም ያመነበት ሰው አልነበረም።

የቆጡን አወርድ ብሎ

ትዳሩ አንድ ወር ቆየ። ሰኔ 15 ቀን ካርበሪ ኮረብታ ላይ የባላባቶቹ ጦርና የንግሥቲቱ ጦር ተፋጠጡ፤ ውጊያ ሳይደረግ የሷ ሰዎች ተበተኑ። ንግሥቲቱ እጇን ሰጠች፣ ቦዝዌል በፈረስ አመለጠ። ከዚያ ቀን በኋላ ተገናኝተው አያውቁም። እሷ በታሰረችበት ፅንሱ ወረዳት፤ ዙፋኑን ለአንድ ዓመት ልጇ እንድትለቅ ተገደደች።

ቦዝዌል በመርከብ ሸሽቶ ኖርዌይ፣ በርገን ወደብ ደረሰ። የከተማው ገዢ ማን ነበር? የአና ትሮንድሰን ዘመድ። አናም መጥታ ከሰሰችው፤ የሰጣትን የጋብቻ ቃል አነሳች። ቦዝዌል በየዓመቱ ገንዘብ ሊከፍላትና አንድ መርከብ ሊሰጣት ተስማምቶ ከክሱ ወጣ። ከኖርዌይ ግን በነፃ አልወጣም። የዴንማርክ ንጉሥ ይህን እስረኛ ለድርድር ይጠቅመኛል ብሎ ያዘው። በመጨረሻ ድራግስሆልም በሚባል ግንብ ተቆልፎበት በ1578 እዚያው ሞተ። ከሕጋዊ ሚስት የተወለደ አንድም ልጅ አልተወም። ማዕረጉ በኋላ ለእህቱ ልጅ ተሰጠ።

አበው “የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች” ይላሉ። እዚህ የጣለው እሱ ነው።

ጂንስ?

ጂን በ1573 የሰዘርላንድን ኧርል አገባች። ልጆች ወለደች። ባሏ ጤና ስላልነበረው ሰፊውን ርስት ያስተዳደረችው እሷ ናት። በ1594 ባሏ ሲሞት ለልጇ አደላድላ አቆየችለት፤ ብሮራ በሚባል ቦታ የድንጋይ ከሰል አስቆፈረች፣ ጨው አስመረተች። ከዚያም በ1599፣ ዕድሜዋ ከ50 ካለፈ በኋላ፣ ሚስቱ የሞተችበትን አንድ ሰው አገባች። አሌክሳንደር ኦጊልቪን። የልጅነቱን ሰው።

በ1629 በ80ዎቹ ዕድሜዋ ሞተች። የክራይተን ገቢ እስከ ዕለተ ሞቷ የሷ ነበር። ቦዝዌልን ቀብራ፣ በ1587 አንገቷ የተቀላውን ሜሪን ቀብራ፣ የእንግሊዝ ንጉሥ እስከመሆን የደረሰውን የሜሪን ልጅ ጄምስንም ቀብራ ነው የሄደችው።

ያ የሊቀ ጳጳሱ ወረቀት? በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሰዘርላንዶች ግንብ በሆነው በደንሮቢን፣ ከቤተሰቡ ሰነዶች መካከል ተገኘ።

እኔ እንደሚመስለኝ ጂን ወረቀቱን ያኖረችው ለበቀል አይደለም። ወረቀቱ በሁለት ወገን የተሳለ ቢላ ነበር። ቢወጣ የንግሥቲቱን ጋብቻ ያፈርሳል፤ ቦዝዌል በሕይወት እያለ የፈጸመችውን የራሷን ሁለተኛ ጋብቻም በካቶሊኮች ዓይን ያናጋል። ቢጠፋ ደግሞ “ሚስት አልነበረችም” የሚለው ፍርድ ብቻውን ይቀራል፤ ሚስት ያልነበረች ሴት በምን መብት የክራይተንን መሬት ትበላለች? ስለዚህ አላሳየችም፣ አልጣለችምም። አኖረችው።

የኔ ነጥብ ይሄ ነው። ቦዝዌል ፍርድ ቤት፣ ጳጳስና ጦር ነበረው፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ፍርድ አስፈረደ። ለአንድ ሰው ልክ የተሰፋ ፍርድ ግን ያ ሰው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። ያቺ ማንም ያልጠየቃት ሴት የያዘችው ውልና አንድ ቁራጭ ወረቀት ከሁሉም ተረፈ። ቃል ይረሳል፣ ጽሑፍ ይወረሳል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ጂን ያኔ ወረቀቱን ይዛ ፍርድ ቤት መቅረብ ነበረባት ወይስ ዝምታዋ ትክክል ነበር? ሐሳባችሁን ከታች አስፍሩልን፤ ጽሑፉን ለወዳጆቻችሁም አጋሩ። ሰላም ሁኑ።