ማነቆው የት ነው? ከጋፋት መድፍ እስከ አሮጌ ላፕቶፕ

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ጥቅምት ሊጠባ ሲል፣ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ከጓዛቸው ሁሉ የከበደው ሴባስቶፖል ነበር። ከከተማዋ አጠገብ ጋፋት ላይ እነ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር መድፍ መሥራት እንደማያውቁ ቢናገሩም ሰሚ አጥተው፣ ሞክረው ከሽፎባቸው፣ ደግመው ሞክረው ካቀለጧቸው መድፎች ትልቁ እሱ ነው። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ እንደሆነ ይነገራል።

ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በቀጥታ መስመር ቢለካ ከ160 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። ንጉሡ የደረሱት ግን በመጋቢት ነው፤ ከአምስት ወር በላይ ፈጅቶባቸው። ርቀቱን ለቀኑ አካፍሉት፤ በቀን አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይመጣል።

ምን ያዛቸው? ሰው አልጠፋም፤ መድፉን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይጎትቱት ነበር። ፈረሱም በቅሎውም ነበር። ያልነበረው መንገድ ነው። ጅጣንና በሽሎን የመሰሉ ሸለቆዎች ላይ ሲደረስ ሠራዊቱ በሙሉ ቆሞ ገደሉ እስኪቆረጥና ድንጋዩ እስኪፈነቀል ይጠብቃል። ንጉሡ ራሳቸው እጃቸውን አስገብተው ይሠሩ ነበር። ፈረሰኛው የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን፣ የጉዞው ፍጥነት የሴባስቶፖል ፍጥነት ነበር።

እኛ ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች እንዲህ ያለውን ቦታ ማነቆ እንለዋለን። ሌላው ሁሉ ቢፈጥንም ሥራው የሚሄደው በማነቆው ልክ ነው። ይህን ታሪክ ያነሣሁት ዛሬ በዚያው በደብረ ታቦር፣ ወይ በጋይንት፣ ወይ በየትኛውም ከተማ ያለ ተማሪ "ላፕቶፔ አርጅቷል፣ ተንቀራፈፈብኝ" ሲል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ እርጅና ሳይሆን ስለ ማነቆ ስለሆነ ነው።

ብዙ ሰው ላፕቶፕ እንደ በቅሎ የሚያረጅ፣ ጉልበቱ በየዓመቱ የሚደክም ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ከአስር ዓመት በፊት በሰከንድ 2 ቢሊዮን ጊዜ ይመታ የነበረ ፕሮሰሰር፣ ሙቀት ካልያዘው በቀር ዛሬም 2 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል። ታዲያ ለምን ተንቀራፈፈ? መልሱን ለማግኘት ወደ ዲስኩ ታሪክ መመለስ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበ ሀርድ ዲስክ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው ራማክ ነው። 50 ትላልቅ ሰሃኖች ነበሩት፤ አንድ ቶን ያህል ይመዝናል፤ የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። ዛሬ በስልክ የምናነሣው አንድ ፎቶ ሊሞላው ይችላል። ከዚያ ወዲህ ዲስኩ በመጠን እያነሰ፣ በሚይዘው ግን በማይታመን ሁኔታ እያደገ መጣ። መሠረታዊ አሠራሩ ግን አልተለወጠም፦ ሰሃኑ ይሽከረከራል፣ አንባቢ ክንዱ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ የሚፈለገው ቦታ ከክንዱ ሥር እስኪደርስ ይጠበቃል።

የተለመደው የላፕቶፕ ሀርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። ክንዱ ቦታውን እስኪይዝና ሰሃኑ ዞሮ እስኪደርስ በአማካይ 15 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ለእኛ ዓይን ከመጨፈን ያነሰ ነው። ለፕሮሰሰሩ ግን የ30 ሚሊዮን ምት ጊዜ ነው። አንዷን ምት እንደ አንድ ሰከንድ ብንቆጥራት፣ ፕሮሰሰሩ አንዲት ቁራጭ ፋይል ለማግኘት 347 ቀን ይጠብቃል ማለት ነው። ከሴባስቶፖል ጉዞ እጥፍ! ላፕቶፑ ሲነሣ ደግሞ እንዲህ ያለች ቁራጭ በሺዎች ይፈልጋል። ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ምልክት ስትሽከረከር የምታዩት ይህንን ጥበቃ ነው።

ኤስኤስዲ የመጣው ይህን መንገድ ለመቁረጥ ነው። የሚዞር ሰሃን፣ የሚንቀሳቀስ ክንድ የለውም፤ የቶሺባው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በፈለሰፈው የፍላሽ ማህደረ ትውስታ ላይ የተመሠረተ ነው። አንዲት ቁራጭ ለማግኘት 0.1 ሚሊ ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ይበቃዋል። በዚያው ቀመር 347ቱ ቀን ወደ ሁለት ቀን ከሩብ ገደማ ይወርዳል። ፕሮሰሰሩ ሳይነካ አሮጌ ላፕቶፕ አዲስ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ማነቆ ራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ሥራ የጀመረው የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲው አትላስ ኮምፒውተር አንድ ብልሃት አመጣ፦ ፈጣኑ ማህደረ ትውስታ ሲሞላ፣ ለጊዜው የማይፈለገውን ወደ ዘገምተኛው ማስቀመጫ ማውረድ፣ ሲፈለግ መልሶ ማውጣት። ዛሬም ላፕቶፓችን እንዲሁ ያደርጋል። ጥሩ ብልሃት ነው፤ ማውረዱና ማውጣቱ ሲበዛ ግን ማሽኑ ሥራውን ትቶ ዕቃ ሲያመላልስ ይውላል። 4 ጊጋባይት ራም ይዞ ሃያ የብራውዘር ገጽ የከፈተ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል።

ጭነቱን ያከበደው ማን ነው? እኛው የሶፍትዌር ሰዎች ነን። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ቢያንስ 64 ሜጋባይት ራም ይበቃኛል ይል ነበር። የ2009ኙ ዊንዶውስ 7 ቢያንስ 1 ጊጋባይት፣ የ2021ዱ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ጠየቀ። በሃያ ዓመት 64 እጥፍ መሆኑ ነው። የስዊዘርላንዱ የኮምፒውተር ሊቅ ኒክላውስ ቪርት ገና በ1995 ሶፍትዌር የሚከብድበት ፍጥነት ሃርድዌር ከሚፈጥንበት እየበለጠ መሆኑን ጽፎ አስጠንቅቆ ነበር። እንግዲህ ላፕቶፑ አላረጀም፤ ያው በቅሎ ላይ በየዓመቱ ኩንታል እየተጨመረበት ነው።

ለደቡብ ጎንደር ሰው ደግሞ የራሱ የሆነ ተጨማሪ ጉዳይ አለ፤ ከፍታ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። የላፕቶፕ ማቀዝቀዣ ፋን የሚሠራው አየር በመግፋት ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ያው ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። የበጋው አቧራ ሲጨመርበት ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያዘገያል። የሀርድ ዲስኩ አንባቢም ከሰሃኑ በላይ የሚንሳፈፈው ከፀጉር በሺዎች እጥፍ በቀጠነ የአየር ትራስ ላይ ነው። ብዙ አምራቾች እስከ 3,048 ሜትር ብቻ እንዲሠራ ነው ዋስትና የሚሰጡት። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ ጉና ተራራ ከ4,000 በላይ። ስሟ ነፋስ መውጫ በሆነ ከተማ ውስጥ የላፕቶፑ ነፋስ መውጫ በአቧራ ተደፍኖ መገኘቱ ያሳዝናል፤ ግን ያጋጥማል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ሪፍሬሽ መጫን ይቅር። ዴስክቶፑ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ ሪፍሬሽ፣ ሪፍሬሽ ማለት በአገራችን እንደ ማማተብ ሆኗል፤ የሚያደርገው ግን ምልክቶቹን እንደገና መሣል ብቻ ነው። ፎርማት ማድረግም ለጥቂት ጊዜ ያቀላል፤ ዲስኩና ራሙ ያው ከሆኑ ግን ፕሮግራሞቹ ሲመለሱ ችግሩም ይመለሳል።

ይልቅ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፤ ላፕቶፑ ሲያዘግም የትኛው 100 በመቶ እንደሞላ ተመልከቱ። አብሮት የሚነሣ አላስፈላጊ ፕሮግራም ካለ አጥፉ፤ ይህ ምንም ወጪ የለውም። ዲስኩ ከሞላና ሀርድ ዲስክ ከሆነ መጀመሪያ ሰነዶቻችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ፣ ከዚያ በኤስኤስዲ ቀይሩት። የሞላው ራም ከሆነ ተጨማሪ ማስገቢያ እንዳለው አረጋግጡና ጨምሩ። ፕሮሰሰሩ ከሆነና ላፕቶፑ የሚያቃጥል ከሆነ ፋኑ ይጸዳ፣ የደረቀው የፕሮሰሰሩ ማጣበቂያም ይቀየር። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልሆነ እንደ ሉቡንቱ ያለ ቀላል የሊኑክስ ዓይነት ሞክሩ፤ በነጻ ነው፣ ብዙ ራምም አይፈልግም።

ይህ ዛሬ የበለጠ ያስፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ፤ አዲስ ላፕቶፕ ለአብዛኛው ተማሪ የማይታሰብ ሆነ። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ዊንዶውስ 11 በበኩሉ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በፊት የወጡትን አብዛኞቹን ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉ የሚችሉ ማሽኖች "አርጅተዋል" ተብለው የሚጣሉት እንዲህ ነው፤ በእነሱ ምትክ አዲስ መግዛት የማይችለው ተማሪም መመረቂያ ጽሑፉን በስልኩ ለመጻፍ ይገደዳል።

ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ አናት ላይ ወድቆ ይገኛል፤ አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ጦርነት የንጉሡ መድፎች እንግሊዞቹን እምብዛም አልጎዷቸውም። ያ ሁሉ ወር ግን መንገድ ሲቆረጥለት አልፏል። ዛሬ ከወረታ ወልዲያ የሚወስደው መንገድ በዚያው ደጋ ደብረ ታቦርንና ነፋስ መውጫን አቋርጦ ያልፋል፤ ተራራው ያው፣ ገደሉም ያው ነው። ላፕቶፑን ከመጣላችሁ በፊት እናንተም መንገዱን አንድ ጊዜ ፈትሹት።