«ፋብሪካ»፦ ከባለእጅ ሥራ ቤት እስከ ጨርቅ

በአማርኛ «ፋብሪካ» ስንል ዕቃ በማሽን ኃይል በብዛት የሚመረትበትን ድርጅት ማለታችን ነው። ቃሉ በተወለደበት በአውሮፓ ግን ዘመዶቹ በየቋንቋው የያዙት ፍች እጅግ የተራራቀ በመሆኑ፣ የድምፅ መመሳሰልን ብቻ አይቶ የሚተረጉም ሰው በቀላሉ ይሳሳታል።

የሁሉም ምንጭ የላቲኑ «ፋብሪካ» ነው። «ፋቤር» ብረት፣ እንጨት ወይም ሌላ ጠንካራ ነገር የሚሠራ ባለእጅ ሲሆን፣ «ፋብሪካ» የባለእጁን ሥራ ቤትና ሙያ ያመለክት ነበር። በሮማ መንግሥት የመጨረሻ ዘመን የመንግሥት የጦር መሣሪያ መሥሪያዎችም በዚሁ ስም ተጠርተዋል።

ቃሉ ወደ ፈረንሳይኛ የገባው በሁለት በር ነው። በሕዝብ አፍ ሲንከባለል የኖረው «ፎርዥ» ሆኖ የቀጥቃጭ ቤት መጠሪያ ሆነ፤ ቈይቶ ከላቲን መጻሕፍት የተወሰደው «ፋብሪክ» ግን መልኩን ብዙም አልለወጠም። ስፓኝኛም እንዲሁ «ፍራጓ»ንና «ፋብሪካ»ን ጎን ለጎን ይዟል። በኢጣልያንኛ «ፋብሪካ» ከማምረቻ ቦታ ሌላ ሕንፃንና የግንባታ ሥራንም ይመለከታል፤ በቫቲካን የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። ቬሳሊዩስ በ1543 እ.ኤ.አ. ስለ ሰው አካል ባሳተመው የላቲን መጽሐፍ አርእስት ላይ የሚገኘው «ፋብሪካ» ደግሞ አወቃቀር ማለት ነው።

ሩሲያኛ በበኩሉ ሥራውን ከፍሎታል፦ «ፋብሪካ» በአብዛኛው ለጨርቃ ጨርቅና ለመሳሰለው ቀላል ኢንዱስትሪ ሲሆን፣ የብረታ ብረትና የማሽን ማምረቻው «ዛቮድ» ይባላል። ሁለቱንም «ፋብሪካ» ብሎ የሚያልፍ ተርጓሚ ልዩነቱን ያጠፋዋል።

ከሁሉም ርቆ የሄደው የእንግሊዝኛው «ፋብሪክ» ነው። መጀመሪያ ሕንፃ፣ ቀጥሎ አወቃቀር፣ በኋላም ጨርቅ ሆነ፤ ለማምረቻው ግን «ፋክተሪ» የሚል ሌላ ቃል አለ። ስለ ኅብረተሰብ በተነገረ ጊዜ «ፋብሪክ»ን «ጨርቅ» ብሎ መተርጐም አንባቢን ግራ ያጋባል፤ ተስማሚው «አወቃቀር» ወይም «ትስስር» ነው። ከዚያው ሥር የወጣው «ፋብሪኬት» መሥራትንም መዋሸትንም ይገልጻል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ «ፈጠረ» ከሚለው ግሥ «የፈጠራ ሥራ»ንም «የፈጠራ ወሬ»ንም እናወጣለንና።

ድምፁ ከኢጣልያንኛው ጋር የሚገጥመው የአማርኛው «ፋብሪካ» ከዚህ ሰፊ ቤተሰብ የያዘው አንዱን ፍች ብቻ ነው። ስለዚህ መዝገበ ቃላት ስናዘጋጅ የቃሉን ምንጭና የቃሉን ፍች በየቦታቸው ለይተን ልናሰፍር ይገባል። ምንጩ ቃሉ ከየት እንደ መጣ ይነግረናል፤ ዛሬ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚወስነው ግን የተናጋሪው ሕዝብ አጠቃቀም ነው።