የደኅንነት ቀበቶና ነፍሰ ጡር እናት፦ የአንድ ስጋት ታሪክ



ስዊድናዊው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ለቮልቮ የነደፈው ባለ ሦስት ነጥብ የደኅንነት ቀበቶ በ1959 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ዋለ። «ቀበቶው ፅንሱን ይጎዳ ይሆን?» የሚለው ስጋት ግን ሐኪሞችን ለዓመታት አከራከረ።

በ1971 እ.ኤ.አ. ክሮዝቢና ኮስቲሎ በአሜሪካ ያሳተሙት ጥናት ክርክሩን አቀና፤ በከባድ ግጭት ለፅንስ ሞት ቀዳሚው ምክንያት የእናቲቱ ሞት ነበር። ከመኪና ተስፈንጥረው ከወጡት መካከል የሞቱት እናቶች ድርሻም እጅግ የላቀ ነበር።

እናት ብትተርፍም አደጋው አያበቃም። ማሕፀን ሲለጠጥ የእንግዴ ልጅ አብሮት ስለማይለጠጥ፣ ውጫዊ ቁስል ሳይታይ እንኳ ሊላቀቅ ይችላል። ቀላል ከሚመስል ግጭት በኋላም ምርመራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው፦ የግጭት መሞከሪያ አምሳያዎች ለረጅም ጊዜ በወንድ አካል ልክ ሲሠሩ፣ የነፍሰ ጡሯ ጥያቄ ዘግይቶ ተጠየቀ። መልሱ ግን ቀበቶውን መተው አልነበረም፤ ከሆድ በታች፣ በዳሌ አጥንት ላይ ዝቅ አድርጎ ማሰር ነበር።